ተማሪ ተለማማጅ መሳብና መቅጠር፦ ለጅማ ድርጅቶች ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ድርጅት ያለው ሰው በዓመት አንዴ ሁለቴ ፋይል የታቀፉ ወጣቶች በሩ ላይ መቆማቸው አይቀርም። «ለተግባር ልምምድ ነው፤ ደብዳቤ ይዘናል» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን አይቶ፣ «ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ ይቀበላቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ምን እንደሚያሠራቸው አላሰበበትም፤ የሚቀመጡበት ወንበር የለም፤ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት ሰው አልተመደበም። ጥግ ይዘው ስልካቸውን ሲነካኩ ይከርሙና የግምገማ ቅጻቸው ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተሞልቶላቸው ይሸኛሉ። ድርጅቱ «የዘንድሮ ተማሪ ሥራ አይወድም» ይላል፤ ተማሪውም ለታናናሾቹ «እዚያ እንዳትሄዱ» ብሎ ያስጠነቅቃል።

ይህን የምጽፈው ለቡና ላኪው፣ ለሆቴሉ፣ ለእንጨት ሥራ ቤቱ፣ ለሒሳብ ቢሮውና ለክሊኒኩ ባለቤት ነው። የምለው ብዙ ዝርዝር ቢኖረውም ሥሩ አንድ ነው፦ ተማሪ ከመፈለጋችሁ በፊት ሥራውን አዘጋጁ።

ከየት ነው የምንፈልገው?

አብዛኛው ቀጣሪ ተለማማጅ ሲባል ሐሳቡ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ትክክል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የቀድሞው የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪን ከግቢ አውጥቶ ኅብረተሰቡ መካከል ማስተማርን መለያው አድርጎ ይዟል። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ሲወጡ ማየት ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ «ተማሪ ላኩልኝ» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስደንቅም፤ የሚጠብቅ ቢሮም አለ። የዩኒቨርሲቲ–ኢንዱስትሪ ትስስርን የሚከታተለው ክፍልና እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የዚህን ሥራ ልማድ ያውቁታል።

ነገር ግን የምትፈልጉት የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ ወይም እንጨት የሚልግ እጅ ከሆነ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይልቅ ወደ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ሂዱ። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ከድርጅት ጋር የሚያደርገው የትብብር ሥልጠና የትምህርቱ አካል ነው፤ እጁም መሣሪያ ለምዷል። የምህንድስና ተማሪን መጋዝ አስይዞ «ዲግሪ ይዞ ምንም አያውቅም» ማለት ለሁለቱም ወገን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛ ምንጭ አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የጅማ ልጆች ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባ ተመድበው ይማራሉ። ክረምት ሲገባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ማደሪያ አይቸግራቸውም፣ ከተማውን ያውቃሉ፣ አብዛኞቹ ከደንበኞቻችሁ ጋር በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይግባባሉ። ሐምሌ ላይ ሰፈር ውስጥ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው።

1. ሥራውን በግማሽ ገጽ ጻፉ

«ቢሮ ውስጥ ያግዛል» ሥራ አይደለም። ለተለማማጅ የሚሆን ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ድርጅቱ ከልቡ የሚፈልገው፣ ነገር ግን ቋሚ ሠራተኞቹ ጊዜ አጥተው ያሳደሩት ነው። እያንዳንዱ ድርጅት እንዲህ ያለ ሥራ አለው።

እንበልና ሄርማታ አካባቢ መጋዘን ያለው ቡና ነጋዴ ናችሁ። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማናና ከጌራ አቅራቢዎች ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ትገዛላችሁ። የየዓመቱ የሚዛን ደረሰኝ በካርቶን ታጭቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከመቀሸሪያው (ቅርፊቱን ከሚያወልቀው ማሽን) የወጣው ቡና ደግሞ በሌላ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሁለቱን አገናኝቶ ያየ ሰው የለም። የትኛው አቅራቢ ጀንፈል ሲቀሸር የተጣራ ቡናው ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚወጣ በግምት ታውቁ ይሆናል፤ በቁጥር ግን አታውቁም። ይኸው ሥራ። ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ከሒሳብ ሥራ፣ አንዱ ከግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የሦስት ዓመት ደረሰኝ ኮምፒውተር ላይ አስገብተው፣ የአቅራቢውን ስም፣ የተረከባችሁትን ኪሎ፣ እርጥበቱንና ከቅሸራ በኋላ የወጣውን ክብደት ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያሳዩአችሁ፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ዋጋ ስትነጋገሩ በእጃችሁ የሚኖረው ማስረጃ ነው። ለተማሪዎቹም የሪፖርት ርዕስ ሆነላቸው ማለት ነው።

የታወቀውን የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት ከሆነ፣ ተማሪው የየሞዴሉን ልክ በሥዕል አስፍሮ ናሙና መቁረጫ ሊያዘጋጅና አንዱ በርጩማ ምን ያህል እንጨትና የስንት ሰዓት ጉልበት እንደሚፈጅ ሊያሰላ ይችላል። ክሊኒክ ከሆነ የመድኃኒት መጋዘኑን የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ መዝገብ ማደራጀት፤ ሆቴል ከሆነ የእንግዶችን ቅሬታ በየክፍሉ መዝግቦ የሚደጋገመውን ለይቶ ማሳየት።

በግማሽ ገጹ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ውጤት፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የሚታየው ነገር፣ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ስም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ነገርም ጨምሩበት፤ ደረሰኝ መደርደርና መጋዘን መቁጠር ኮምፒውተር አይፈልግም።

ጥያቄ የሚመልሰውን ሰው ስትመርጡ ብዙ ትርፍ ጊዜ ያለውን ሠራተኛ አትመድቡ። ብዙ ትርፍ ጊዜ ያለው ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሥራውን የሚያውቅና ሲያስረዳ የማይሰለች ሰው ፈልጉ፤ ለእሱም ከሌላ ሥራው ጥቂት ቀንሱለት። አንድ ሰው ከሁለት ተማሪ በላይ በደንብ ሊከታተል አይችልም። አሥር ተማሪ ተቀብሎ ለትምህርት ተቋሙ ውለታ የዋለ የሚመስለው ቀጣሪ ውለታ አልዋለም።

2. ጊዜውን ከትምህርት ካላንደሩ ጋር አስታርቁ

የጅማ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ቡና የሚለቀመው በግርድፉ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ የእሸት ቡና ማጠቢያውም፣ መጋዘኑም፣ መኪናውም ሰው የሚፈልገው ያኔ ነው። ተማሪው ደግሞ ያኔ ክፍል ውስጥ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ለወራት የሚቆይ የልምምድ ጊዜ አላቸው፤ የሌሎች ክፍሎች ልምምድ ግን አጠር ያለ ነው፤ ከክፍል ክፍልም ይለያያል። የዘንድሮው ቀን ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ወደ ትምህርት ክፍሉ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው በመኸሩ ወራት ቅዳሜና ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ ተማሪ በክፍያ መቅጠር ነው፤ ይህ ልምምድ ሳይሆን የሥራ ውል ስለሆነ ሕጉን ከታች ተመልከቱ። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ተለማማጁን ግርግሩ ካለፈ በኋላ መቀበል ነው። በግርግር መሀል የገባ ተማሪ የሚያስተምረው አያገኝም፤ ከረጢት ሲቆጥር ይውላል።

በክረምት ሌላ ነገር አለ። ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ማደሪያቸውንም የግቢውን ምግብም ያጣሉ። ከጎንደር ወይም ከወላይታ የመጣ ልጅ ሐምሌና ነሐሴን ጅማ ቆይቶ እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ፣ የት እንደሚያድር ከእናንተ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ተመራቂ ተማሪ አእምሮው ሌላ ቦታ ነው፤ ያኔ ትልቅ ሥራ አትስጡት።

3. ልምምድና ቅጥርን ለዩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሙያ ለማጅነት በስተቀር፣ ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን በሚደረግ ውል ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ ተቋሙ ደብዳቤ ጽፎ የላከው፣ ለትምህርቱ ነጥብ የሚያዝለት ተማሪ ከሠራተኞቻችሁ የተለየ ቦታ አለው። ይህ ግን ነፃ ጉልበት የማግኛ በር አይደለም። ደብዳቤ የሌለውን፣ ትምህርቱንም የጨረሰውን ልጅ «ተለማማጅ» ብላችሁ የቋሚ ሠራተኛ ሥራ ብታሠሩት፣ ክርክር ሲነሣ የሚታየው ስሙ ሳይሆን ሥራው ነው።

ተማሪውን በክፍያ የምትቀጥሩት ከሆነ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ለወቅታዊ ሥራ ወይም ለተወሰነ ሥራ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ማድረግ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የቡና መኸር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች መካከል ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ይኖራሉ፤ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ላሉት ደግሞ የቀኑ ሥራ ከ7 ሰዓት አይበልጥም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓትና በበዓል ቀን ማሠራትም አይቻልም።

ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክማል የሚለውን ከተቋሙ ጋር በደብዳቤ ተስማሙ። ማሽን ባለበት ቦታ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የተሸፈነ ጫማ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተገዝቶ ይጠብቅ። ወሲባዊ ትንኮሳን አዋጁ በግልጽ ይከለክላል፤ ለተማሪዎቹ ደግሞ ችግር ቢገጥማቸው ከቅርብ ኃላፊያቸው ሌላ ለማን እንደሚናገሩ በስም ንገሯቸው። ሴት ተማሪ እንዳትቀርባችሁ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይነገር መቅረቱ ነው፤ ሌላው ጨለማ ሳይወድቅ ግቢ መግባት አለመቻሏ ነው።

4. ስለ ገንዘብ በግልጽ ተናገሩ

ለልምምድ ደመወዝ የመክፈል አቅም የሌለው ድርጅት ብዙ ነው፤ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ተማሪው ከኪሱ እያወጣ እንዲያገለግላችሁ ማድረግ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከግቢው እስከ እናንተ ድረስ የሁለት ጉዞ የባጃጅ ዋጋ፣ የአንድ ምሳ ዋጋ፣ ሁለቱን ደምሩና በወሩ የሥራ ቀናት አባዙት። ለ22 ቀን ምን ያህል እንደሚመጣ ስታዩ ከምትፈሩት ያነሰ ይሆናል። የግቢ ካፌ ተጠቃሚ የሆነ ተማሪ ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሶ መድረስ ካልቻለ ምሳውን አጣ ማለት ነው፤ ይህን ቀጣሪ ሁሉ አያውቅም።

በየሁለት ሳምንቱ በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ። «መጨረሻ ላይ እናስብላችኋለን» የሚባል ነገር አትናገሩ፤ ሰሚውን አያሳምንም።

ሌላው የተያዥ ነገር ነው። እኛ አገር ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። አርባ ምንጭ ተወልዶ ጅማ የሚማር ልጅ እዚህ ማንን ያመጣል? መፍትሔው ተያዥ መጠየቅ ሳይሆን ተማሪውን ካዝናና የመጋዘን ቁልፍ ላይ ብቻውን አለማስቀመጥ ነው። ጉድለት ቢገኝ ጥርጣሬው እሱ ላይ እንዳይወድቅም ይጠብቀዋል።

5. ማስታወቂያውንና ደብዳቤውን ጻፉ

«ንቁ፣ ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችሉ ተማሪዎችን እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ማንንም አይመርጥም፤ ራሱን ታታሪ አይደለሁም የሚል ሰው የለምና። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦

«ለሦስት ወር የሚቆይ የተግባር ልምምድ። ሁለት ተማሪዎች፤ ከሒሳብ ሥራ ወይም ከግብርና ኢኮኖሚክስ፣ ሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ። ሥራው፦ የሦስት ዓመት የቡና ግዥ ደረሰኞችን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት፣ ከመቀሸሪያው መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ የየአቅራቢውን ውጤት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት። ደረሰኞቹ ግማሾቹ በአፋን ኦሮሞ ስለተጻፉ ከሁለቱ አንዱ ቋንቋውን ማንበብ አለበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 10 ሰዓት። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል። ተያዥ አያስፈልግም። ስለ ቡና ማወቅ አይጠበቅም፤ እኛ እናሳያለን።»

የቋንቋው ጉዳይ በግልጽ መቀመጡን ልብ በሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ይመደብበታል። ከገበሬ ጋር የሚያነጋግር ሥራ ከሆነ አፋን ኦሮሞ ግድ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ቁጥር የሚደመርበት ከሆነ ግን ቋንቋን መሥፈርት ማድረግ ጥሩ ልጅ ያስመልጣል።

ለትምህርት ክፍሉ የሚሄደው ደብዳቤ ይህንኑ ይዘት በመደበኛ አጻጻፍ ይይዛል፦ የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ የተማሪ ብዛት፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የኃላፊው ስምና ስልክ፣ የሚሸፈነው ወጪ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የትም አይደርስም። ግልባጩን ለዩኒቨርሲቲ–ኢንዱስትሪ ትስስር ክፍሉ ላኩ። ልምምዱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይድረስ፤ የትምህርት ክፍሎች ተማሪ የሚደለድሉት አስቀድመው ነው፤ ዘግይታችሁ ስትደርሱ የሚቀራችሁ የትም ያልተመደበው ነው።

6. ማስታወቂያው ተማሪው ያለበት ቦታ ይድረስ

በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያነበው መንገደኛ ነው። ተማሪው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲፈቅድ የየክፍሉ ተወካዮች ማስታወቂያውን በየቡድናቸው ይልኩታል፤ ከዚያ በኋላ ማደሪያ ለማደሪያ ለመዳረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ላይብረሪና ካፌ አጠገብ ያሉ ሰሌዳዎችም ይነበባሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በራችሁን መክፈት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ተማሪ ጋብዙ። ጀንፈል ሲቀሸር፣ ቡና ሲቆላና ሲቀመስ ይዩ፤ ወይም ግንድ ተጠርቦ በርጩማ ሲሆን ይመልከቱ። ቡና መሀል ባለች ከተማ ውስጥ አራት ዓመት ተምሮ የቡና ቅምሻ አንድም ቀን ያላየ ተማሪ አለ። ከአሥራ አምስቱ ጥያቄ የሚጠይቁት ሦስት አራቱ ናቸው፤ ስማቸውን ያዙ። ከማስታወቂያ ይልቅ በዚህ መንገድ የተገኘ ተለማማጅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

7. በሥራ ፈትኑ

ነጥብ ተመልከቱ፤ ግን በነጥብ ብቻ አትምረጡ። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ ሰባት ስምንት ቦታ አመልክቷል። መካከለኛ ነጥብ ያለው፣ ነገር ግን በትርፍ ሰዓቱ ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ወይም የእናቱን ሱቅ ሒሳብ የያዘ ልጅ ምናልባት የእናንተ ሰው ነው። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ይሁንና ሁለት ጥያቄ ይመልስ፦ ከዚህ በፊት ጀምረህ የጨረስከው ሥራ ምንድን ነው? ከዚህ ሥራ ምን መማር ትፈልጋለህ? ከኢንተርኔት የተቀዳ መልስ ከሁለተኛው መስመር ላይ ይታወቃል።

ከዚያ ስድስት ሰባት ሰው ጠርታችሁ የአርባ ደቂቃ ሥራ ስጧቸው። ለቡና ነጋዴው ሃያ የሚዛን ደረሰኝ፤ ከመካከላቸው በሁለቱ ላይ የኪሎውና የከረጢቱ ብዛት አይገጥምም፤ አንዱ ቀን የለውም። ተማሪው ደረሰኞቹን ኮምፒውተር ላይ እንዲያስገባ ብቻ ንገሩት፤ ስለ ስሕተቱ አትንገሩት። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያስገባል። አንዳንዱ የጎደለውን ቀን ከራሱ ይሞላል፤ ይህን አትውሰዱት። አንዷ ደግሞ እጇን አውጥታ «ይህ ቁጥር አይገጥምም፣ ምን ላድርግ?» ትላለች። ፈተናው እዚያ ላይ አለቀ።

ሆቴል ከሆነ ውኃ የጠፋበት እንግዳ ሆናችሁ ተቆጡ። እንጨት ሥራ ከሆነ በርጩማ አስቀምጡና ሜትር ሰጥታችሁ እንዲለካና እንዲሥል አድርጉ።

እዚህ ላይ ስልክ መደወሉ አይቀርም። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የባለሥልጣን ልጅ፤ «እባክህ ልጄን ተቀበልልኝ» ይላሉ። በጅማ «አይሆንም» ብሎ መዝጋት ከባድ ነው፤ ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። መልሱ፦ «እሺ፣ ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ይምጣ።» ደረሰኞቹ የማንም ዘመድ አይደሉም።

ላልተመረጡትም በሁለት ቀን ውስጥ በአጭር መልእክት መልሱላቸው። አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው፤ የሚያደርገው ድርጅት ግን ጥቂት ነው። የተመረጡት የተቀባይነት ደብዳቤያቸውን ማኅተም ተደርጎበት ይውሰዱ።

8. የመጀመሪያው ቀንና ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉንም ሠራተኛ በስም አስተዋውቋቸው፤ ጥበቃውንም ጭምር፣ በማግስቱ በር ላይ የሚያስቆማቸው እሱ ነውና። ጠረጴዛቸውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ምሳ የሚበላበትን ቦታ አሳዩ። ከዚያ እስከ ቀትር የሥራውን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስጎብኟቸው፦ መኪና ሲገባ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ናሙና ሲወሰድ፣ ሲራገፍ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ይጀምሩ። ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ጨርሰው ይሂዱ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ዓርብን አትምረጡ፤ የጁምዓ ሶላት ስላለ የምሳ ዕረፍቱ ይረዝማል፣ ከሰዓት በኋላውም ያጥራል። ሐሙስ ይሻላል። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ምን ጨረሳችሁ? የት ተያዛችሁ? ያስገረማችሁ ነገር አለ? ሦስተኛውን አትዝለሉ። ለዓመታት የለመዳችሁትን ነገር በአዲስ ዓይን የሚያይ ሰው በነፃ አግኝታችኋል፤ «ለምን ሁለት መዝገብ ትይዛላችሁ?» ሲል ከመቆጣታችሁ በፊት መልሱን አስቡ።

ተማሪው የዕለት ሥራውን የሚጽፍበት መዝገብ ከተቋሙ ይሰጠዋል። ኃላፊው በየሳምንቱ ይፈርምበት፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ብዕር መፈረም የተለመደ ቢሆንም አማካሪው መምህር ያውቃታል። መምህሩ ለክትትል ሲመጣ ቡና ጋብዛችሁ እውነቱን ንገሩት። ተማሪው ካረፈደ፣ ሁለተኛ ጊዜ ካረፈደ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ ንገሩት፤ አኩርፎ መተው መቅጣት ሳይሆን መሸሽ ነው።

ፎቶ ኮፒ ማንሣትና ሻይ ማዘዝ የሁሉም ሠራተኛ ድርሻ ከሆነ እነሱም ያድርጉ። የእነሱ ብቻ ከሆነ አቁሙት።

9. ግምገማውና ቅጥሩ

በግምገማ ቅጹ ላይ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ መስጠት ልማድ ሆኗል። ደግነት ይመስላል፤ ግን ከልቡ የሠራውን ልጅ ስልኩን ሲነካካ ከከረመው ጋር እኩል ያደርገዋል። ነጥቡን ስጡና ከጎኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የምስክር ወረቀቱ ላይም «ልምምዱን በሚገባ አጠናቋል» ብቻ አይሁን፤ ምን እንደሠራ በዝርዝር ይቀመጥ። ለቀጣዩ ቀጣሪ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ልታስቀሩት የምትፈልጉት ሰው ካለ ልምምዱ ሳያልቅ ንገሩት። «ስትመረቅ ብቅ በል» የቅጥር ጥያቄ አይደለም። የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የሚጀምርበትን ጊዜ በጽሑፍ ስጡት፤ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊቀመጥ ይችላል። ጎበዝ ልጅ አዲስ አበባ የሚሄደው ሁልጊዜ ደመወዝ በልጦበት አይደለም፤ ጅማ ውስጥ «እዚሁ ቆይ» ያለው ሰው ስላላገኘ ጭምር ነው። ደመወዙን ከአዲስ አበባው ጋር ለማስተካከል ባትችሉ፣ ከሙከራ ጊዜው በኋላ ምን ያህል እንደሚጨመር ቁጥሩን ጻፉለት፤ የቤት ኪራይን ልዩነት እሱ ራሱ ያሰላዋል።

ሲቀጠር የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። እናንተ ጋ ለወራት የተለማመደን ሰው እንደገና 60 ቀን መሞከር ያስፈልጋል ወይ የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ብሆን አሳጥረዋለሁ። በጡረታ አዋጁ መሠረት የቋሚ ሠራተኛ መዋጮ ከደመወዙ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። አዲስ ተመራቂ የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ዕዳም አለበት፤ ከደመወዙ የሚቀነሰውን የሒሳብ ሠራተኛችሁ ይከታተለው።

ቦታ ከሌላችሁ አትዋሹ። የሥራ ዘርፉን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ባልደረቦቻችሁ ጋ ደውሉና ልጁን አስተዋውቁት፤ የድርጅታችሁን ስልክ ቁጥር ለማጣቀሻ እንዲጽፍ ፍቀዱለት፤ ሲደወልም አንሡ።